ስድስተኛው የባትሪ ድንጋይ

ሰኞ

ወደቀብኝ። ስድስተኛው ድንጋይ። የቲቸር ፋጡማ ላፕቶፕ ባትሪ ውስጡ ስድስት ድንጋይ ነው ያለው፣ አሮጌዎቹን አውጥቼ አዲሶቹን ልደረድር ስል አንዱ ከእጄ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ጓ አለ። ጠርዙ ትንሽ ገባ ብሏል። በቴስተር ለካሁት፣ ከሌሎቹ እኩል ነው። የጥገና ሱቁ ባለቤት ሙክታር ሱቁን ለኔ ትቶ ከዚራ ሰፈር ዕቃ ሊያደርስ ሄዷል። የሱን ሕግ አውቀዋለሁ። ቀለበት አውልቂ፣ ጫፉን በናስትሮ ሸፍኚ፣ ቆርቆሮ ውስጥ አንድ ላይ አታድርጊ፣ የወደቀ ወደ አሸዋው ባልዲ። ግን ሌላ ድንጋይ የለም። ደግሞ ብቻዬን እንድሰራ ሲሰጠኝ የመጀመሪያዬ ነው፣ እስከዛሬ መጥረግና ሻይ ማምጣት ነበር።

ከተትኩት። ጠቀለልኩት። አለቀ።

ማክሰኞ

ቻርጅ አደረግነው፣ ሞላ። ሙክታር "አቦ፣ አንቺ ልጅ ሱቁን ልትወርሺኝ ነው" ብሎ ሳቀ። ቲቸር ፋጡማ መጥታ ወሰደችው። መንታ ልጆቿ ፍራሽ ላይ ሆነው ፊልም እያዩበት እንቅልፍ እንደሚወስዳቸው አወራች። እኔ ስለወደቀው ሳልነግራት ቻርጀሩን ጠቅልዬ ሰጠኋት።

ረቡዕ

ሙክታርን እንደዋዛ ጠየቅኩት፣ የወደቀ ድንጋይ ልኬቱ ደህና ከሆነ ምን አለበት አልኩት። ቀና ብሎም አላየኝ። "ውስጡ ተነክቶ ዛሬ ደህና ይሆናል፣ ነገ ቻርጅ ላይ እያለ ይነድዳል" አለ።

ለቲቸር ፋጡማ ደወልኩላት፣ አታነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ሱቁ ሁሉ ተዘጋ፣ ሰው ከሙቀቱ ሸሽቶ ተኝቷል፣ በዚህ ሰዓት የሰው በር ማንኳኳት ነውር ነው። በባጃጅ መጋላ፣ ቤቷ ድረስ ሄድኩና በሩን በቡጢ መታሁት። ሻሿን እያሰረች ወጣች።

"ማን ሞተ?"

ላፕቶፑ የት ነው ብቻ አልኩ። ፍራሽ ላይ። ቻርጅ ላይ። መንቶቹ አጠገቡ ተኝተዋል። ነቀልኩት። ሆዱ ይሞቃል፣ የድሬ ሙቀት ይሁን የድንጋዩ አላውቅም። ባትሪውን አውጥቼ ግቢው ውስጥ ጥላ ስር አስቀመጥኩና ነገርኳት፣ ድንጋዩን ጥዬው እንደነበር፣ ደብቄ እንደከተትኩት። አልሰደበችኝም። ልጆቿን አንድ በአንድ አቅፋ ወደ ሌላኛው ክፍል ወሰደቻቸው። ከስድብ ባሰብኝ።

የፕላስቲክ ባልዲ ሰጠችኝ። ከደረቁ ወንዝ አሸዋ ዝቄ ባትሪውን ቀብሬ ይዤ ተመለስኩ።

ሐሙስ

ለሙክታር ነገርኩት። ባትሪውን ከፍቶ አንድ በአንድ ለካ። አራቱ እኩል ናቸው፣ የወደቀውና አብሮት የታሰረው ግን ወርደዋል። ቴስተሩን ወደኔ አዞረልኝ፣ እንዳየው።

"መጣልሽ አይደለም የከነከነኝ፣ እኔም እጥላለሁ። ዝም ማለትሽ ነው።"

ከዛ ወጥቶ ስድስት አዲስ ድንጋይ ገዝቶ መጣና ወደኔ ገፋ አደረገ። ቀለበቴን አውልቄ ሰራሁ። ሸክላ ላይ አድርጌ ቻርጅ ከሰካሁት በኋላ ምሳ ሰዓትም ከአጠገቡ አልተነሳሁም፣ በእጄ ጀርባ እየነካሁ፣ እየነካሁ። ለብ እንኳን አላለም።

ቲቸር ፋጡማ ወሰደችው። ፍራሽ ላይ አላደርገውም፣ ከሞቀ እደውልልሻለሁ አለች። ሙክታር ስለነገ ምንም አላለኝም፣ ነይም አትምጪም።

የስልኬን ድምፅ እስከ መጨረሻ ከፍቼዋለሁ። እስካሁን አልጮኸም።