ለልዕልት የጎደለው ፊርማ

ለወንድሜ ለፍቅሩ፣

እንደምን ሰነበትክ? ክረምት በገባ ቁጥር የሚነሳብህ ወገብህ ዘንድሮ እንዴት ሆነልህ? ባለቤትህ ዳሲቱስ ደህና ናት? አማትህ እማማ አደሴ ጉልበታቸው ተሻላቸው? የድሬዳዋ ሙቀትስ በረደላችሁ ወይስ እንዳለ ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ፍልሰታን ጾሜ ፈታሁ። የአቃቂ ወንዝ እንደ ልማዱ ሞልቶ መንገዱን ሁሉ ጭቃ አድርጎታል፤ ከዚህ በቀር የሚያሰጋ ነገር የለም። ልጅህ ልዕልትም ደህና ናት። በላክኸው ደብዳቤ ላይ ስለ እሷ ጤና አልጠየቅክም፤ ሳልጠየቅ ልንገርህ ብዬ ነው።

ደብዳቤህን ነሐሴ አሥራ አንድ ቀን ከአውቶቡሱ ሾፌር እጅ ተቀብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ፍለጋው ይበቃል ብለሃል። የበሽታዋ ስም በየትኛውም ወረቀት ላይ እንዳይጻፍ ብለሃል። ከመስቀል በኋላ ልጅቱ ትላክ፣ ጸበል ወስደናት የወይንሸት ሠርግ እስኪያልፍ እዚያው ትቆያለች ብለሃል። ምክንያትህ ደግሞ ትልቋ ልጅህ ወይንሸት በጥር ስለምትዳር፣ የሙሽራው ወገኖች «በዘራቸው እብድ አለ» እንዳይሉ ነው። በስልክ ልመልስልህ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ወሬው ሲከብድህ «መስመሩ አይሰማም» ብለህ ትዘጋለህ። ስለዚህ ጻፍኩት።

ፍለጋው ይበቃል ያልከው ፍለጋውን ስለማታውቀው ነው። ባለፈው መስከረም ልጅቱን አምጥተህ፣ «እታለም፣ አዲስ አበባ ሐኪም አይታጣም» ብለኸኝ በሦስተኛው ቀን ተሳፈርክ። እንግዲያው አይታጣም ያልከኝን ሐኪም ልንገርህ። የመጀመሪያው፣ ጤና ጣቢያ የተቀመጠው፣ ቀና ብሎ ሳያያት «አትሰማም፤ የጆሮ ነው» ብሎ ጻፈ። የጆሮው ሐኪም ዘንድ በአምስተኛው ሳምንት ወረፋ ደረሰን። ከጀርባዋ የከረሜላ ወረቀት ሲያንኮሻኩሽ ልዕልት ዞር አለች። «ከእርስዎ የተሻለ ትሰማለች፤ ቅብጠት ነው። አያት ናት ያሳደገቻት?» አለኝ። አክስቷ ነኝ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ልጆች አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ቅብጠት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ አልኩት። «ካወቁ ታዲያ ለምን መጡ?» አለኝ። ይህንን ለመማር ሰውዬው ስንት ዓመት እንደፈጀበት ልጠይቀው አሰብኩና ተውኩት።

ቀበሌ ያለው ደግሞ ከሐኪሙ ይብሳል። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛው ቅጽ አወጣ። ቅጹ ማየት የተሳነው፣ መስማት የተሳነው፣ የአካል ጉዳት ያለበት፣ ሌላ ይላል። «ሌላ» በሚለው ላይ ምልክት አደረገና «ሌላው ምንድን ነው?» ብሎ መልሶ እኔን ጠየቀኝ። እሱን ላውቅ ነው የመጣሁት አልኩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ እርዳታ ተገኝቷል ብሎ በደስታ አስጠራኝ። ልዕልትን ይዤ ሄድኩ። የተገኘው እርዳታ ተሽከርካሪ ወንበር ነው። በዚያች ሰዓት ልዕልት ቢሮው መሐል ቆማ እንደ ኳስ ትነጥር ነበር። ልጅቱ መራመድ አላቃታትም፣ የማትወደው መቀመጥን ነው ብዬ ብነግረው፣ «እማማ፣ የመጣው እሱ ነው። ይፈርሙና ይውሰዱት፤ እኛም ለሪፖርት ያስፈልገናል» አለኝ። አልፈረምኩም። ከዚያ ወዲህ በቀበሌው «እርዳታ የናቁት ሴትዮ» ነው የምባለው። እውነታቸውን ነው።

ስሙን ያገኘሁት ከሱቅ ነው። ከቤቴ ፊት ለፊት ሱቅ ያላትን ሰኪናን ታውቃታለህ። ልዕልት ሱቋ በገባች ቁጥር ሳሙናዎቹን በየቀለማቸው ትደረድራለች፤ ሰኪና አትቆጣትም፣ እንዲያውም ደንበኛ ሲያዛባባት ትቆጣላታለች። ጥቅምት ላይ አንድ ቀን፣ «ቲቸር፣ የወንድሜ የሀይረዲን ልጅ ቁርጥ እሷን ነው። ሐኪም ስሙን ነግሯቸዋል፣ እኔ አልያዝኩትም» አለችኝ። እዚያው ደውላ ጠየቀችና ቃሉን በብስኩት ካርቶን ላይ ጽፋ ሰጠችኝ። ኦቲዝም ይላል። ሁለት ሐኪምና አንድ ቀበሌ ያላወቁትን አንዲት ባለሱቅ በአንድ ስልክ አወቀችው።

ካርቶኑን ይዤ ገበያው አጠገብ ያለ ኢንተርኔት ቤት ገባሁ። እዚያ የተደረደሩት ጎረምሶች አሮጊቷ ምን ልታይ ነው ብለው ተጠቃቀሱ። አንዱ ገጽ እስኪከፈት አንድ ክፍለ ጊዜ ያልቃል። መዝገበ ቃላቴን ጭኔ ላይ አድርጌ አራት ቅዳሜ ተቀምጬ በደብተር ገለበጥኩ። በአማርኛ የተጻፈ አንድም ገጽ አላገኘሁም። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ሁሉ ደግሞ «ለልጅዎ የተመደበውን ባለሙያ ያማክሩ» እያለ ነው የሚጨርሰው። ማን እንደሚመድበው አይናገርም። ቢሆንም ከመካከላቸው አንዱ ለወላጅ የሚቀርቡ ጥያቄዎችን ዘርዝሮ ነበር። በስሟ ስትጠራ ትዞራለች ወይ ይላል፤ አትዞርም ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ፣ ሰው ሲያናግራት ዓይኑን ታያለች ወይ ይላል። እዚህ ላይ እርሳሴን አስቀመጥኩ።

ሦስት ዓመቷ ሳለ ለጥምቀት እዚህ ያመጣችኋት ጊዜ ትዝ ይልሃል? እንግዳ ሁሉ ሲያናግራት ዓይኗን ከወለሉ አላነሳችም። አንተ «የኔ ልጅ ጨዋ ናት፤ ትልቅ ሰው ላይ ዓይኗን አታፈጥም» ብለህ ደረትህን ነፋህ። ሽማግሌዎቹ መረቋት። ቃል ሲጠፋባት ዝምተኛ ናት፣ ከልጆች ስትሸሽ ቁጥብ ናት አልን። እኔ ደግሞ፣ አስተማሪዋ፣ የሰፈሩን ልጆች «ልዕልትን አታዩም?» እያልኩ ገሠጽኩባት። አምስት ዓመት ሙሉ አንዲት ልጅ ጭንቋን በምታውቀው መንገድ ስታሳየን እኛ አስተዳደጋችንን ስናመሰግን ኖርን። ፈረንጆቹ ልጃቸው ዓይናቸውን አላይ ሲል ይደነግጣሉ፤ እኛ እንመርቃለን። ይህን ሳስብ ከሁለቱ ሐኪሞች ይልቅ ራሴን ናቅኩ።

ንቀቴ እዚያም አላበቃም። በዚያው ገጽ አስፐርገር ስለሚባል ነገር ተጽፏል፤ መናገር ስለማያቅታቸው፣ አንድን ነገር ይዘው እስከ ጥግ ስለሚያጠኑ፣ የሰው ፊት ማንበብ ግን ስለሚቸግራቸው ልጆች። ቀጀላ የሚባል ተማሪ ነበረኝ፤ ሦስተኛ ክፍል። የባቡሩን የመነሻና የመድረሻ ሰዓት ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ በቃሉ ይዘረዝር ነበር። ስሙን ስጠራ ግን «አቤት» አይልም፤ ለምን ብለው «እያዩኝ ነው እኮ፣ ለምን ይጠሩኛል?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። አሾፈብኝ ብዬ አንድ መንፈቅ ዓመት ሙሉ በስም ጥሪ ሰዓት አንበረከክሁት። በዓመቱ ትምህርቱን ተወ። ዘንድሮ ሰፈሩ ሄጄ ፈለግሁት፤ ቤተሰቡ ከለቀቀ ቆይቷል፣ የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ፍቅሩ፣ አለማወቅ ኀጢአት ነው ብዬ አልከስህም፤ እኔ የባስኩ ነኝ። የምከስህ ከተነገረህ በኋላ ስላደረግኸው ነው።

መጋቢት ላይ ከተማ መሐል ካለ ትልቅ ሆስፒታል ገባን። አንዲት ወጣት ሐኪም ወንበሯን ትታ ወለሉ ላይ ከልዕልት ጋር ተቀመጠች፤ አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ከዚያ፣ «እናቴ፣ ኦቲዝም ነው። እርግማን አይደለም፣ የእናቷም ጥፋት አይደለም። የሚያድነው መድኃኒት የለም፤ በትምህርት ግን ብዙ ይለወጣል» አለችኝና ወረቀት ጻፈችልኝ። እንዲህ ያሉ ልጆችን የሚያስተምር ማዕከል እንዳለም ነገረችኝ። በሦስት ታክሲ ሄድን፤ ረዳቱ በጮኸ ቁጥር ልዕልት ጆሮዋን ይዛ አብራ ትጮሃለች፣ ተሳፋሪው «ያስጸልዩላት» ይለኛል። ማዕከሉ ሞልቷል። ስማችንን በተጠባባቂ መዝገብ ከሁለት መቶ ስሞች በታች ጻፉት። የተቀበለችኝ ሴት ራሷ የእንዲህ ያለ ልጅ እናት ናት፤ ቦታ የለንም ስትለኝ አፍራ ነው። እሷን አልነቅፍም። ማፈር የሚገባቸው ሌሎች ናቸው፤ አንዱ አንተ ነህ።

ስለዚህ ራሴ ጀመርኩ። የውሃ፣ የዳቦ፣ የጫማ፣ የበር ሥዕል በካርቶን ላይ ሥዬ፣ ሥዕሉን አንስታ ስትሰጠኝ ነገሩን እሰጣታለሁ። ለአርባ ሦስት ቀን ምንም አልሆነም። በአርባ አራተኛው የውሃውን አንስታ እጄ ላይ አኖረችው። ወጥ እንጀራዋን ከነካ አትበላም፤ ለየብቻ ሳቀርብላት ትበላለች። ይህንን ለማወቅ ስንት ምሳ እንደተደፋ አትጠይቀኝ። ግንቦት ሃያ አንድ ቀን «በቃ» አለች፤ ከእኔ ተምራው ይሆናል። አሁን አሥራ አንድ ቃል አላት፤ ቀናቸውን በደብተር ይዣለሁ። «አባባ» የሚለው አልገባም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ። ሳስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህሩ ሮሪሳ ይባላል፤ የእኔው ተማሪ ነበር፣ ማባዛት አንድ ዓመት የፈጀበት። መጀመሪያ ስጠይቀው «ቲቸር፣ ወላጆች ይተላለፋል ይላሉ» አለኝ። ይተላለፋል ወይ አልኩት። «እኔ አልወጣኝም፤ ይላሉ ነው ያልኩት» አለኝ። ሰኔን ሙሉ በየጠዋቱ ቢሮው በር ላይ ተቀመጥኩበት። ሐምሌ ሲገባ፣ «እሺ ቲቸር፣ አሸነፉኝ» ብሎ አንደኛ ክፍል ሊያስገባት ተስማማ። እኔ አጠገቧ ልቀመጥ፣ የሐኪም ወረቀት ይምጣ፣ አባትየው ደግሞ በፊርማው ያረጋግጥ፤ አክስት ወላጅ አይደለችም አለ። እኔም ወረቀቱም ዝግጁ ነን። ምዝገባው መስከረም አምስት ይዘጋል። ይህ ካለፋት ዘጠኝ ዓመት ሞልቷት በሚቀጥለው ምዝገባ ማንም አይቀበላትም። የቀረው ያንተ ፊርማ ነው። አንተ ግን በየትኛውም ወረቀት ላይ አይጻፍ ትላለህ።

ጸበልን አልነቅፍም። እኔም ወስጃታለሁ፤ ጠዋት ተጠምቃ ከእኔ ጋር ወደ ቤቷ ተመልሳለች። ያንተ ሐሳብ ግን ጸበል አይደለም። ሠርግ እስኪያልፍ ልጅ የሚቀመጥበት ቦታ ፈልገህ የእግዚአብሔርን ደጅ ዕቃ ቤት አደረግኸው። እስከ ጥር ድረስ ልትደብቃት ነው፤ ከጥር በኋላስ? ወይንሸት ስትወልድ፣ ክርስትና ሲነሳ፣ ሌላ ድግስ ሲመጣ? ደጋሽ ሁልጊዜ አይጠፋም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የላክሁትን ወረቀት ተመልከተው። እንዳትደክም እኔው ጽፌዋለሁ። «ልጄ ልዕልት ፍቅሩ ኦቲዝም እንዳለባት አውቃለሁ፤ እንድትማር ፈቅጃለሁ» ይላል። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰርዘህ ብትፈርም አልቀበልህም። በዚያው ሾፌር እጅ እስከ ጳጉሜን ሦስት ይድረሰኝ።

ለዳሲቱ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ጥፋቱ የእሷ አለመሆኑን ሐኪሟ እንደተናገረች ከፊትህ ቁማ ሳለች አንብብላት፤ ስምንት ዓመት ማንም አልነገራትም። እማማ አደሴን ጉልበታቸውን ሳምልኝ። ስለ ልዕልት ሲጠይቁ መዋሸት ትተህ ይህንኑ ደብዳቤ ስጣቸው። ልዕልት ሰላም ትላችኋለች ብዬ አልጽፍም፤ አላለችም።

ለወይንሸት ሰላምታ አልልክም፤ ትናንት ማታ ራሷ ደውላልኝ ብዙ አወራን። ለእጮኛዋ ገና በፋሲካ ነግራዋለች፤ ወላጆቹም ያውቃሉ። «አክስቴ፣ እናቱ ትንሿን ለሠርጉ ምን እናልብሳት እያሉ ይጠይቁኛል፤ አባባ ግን ስሟ ሲነሳ ከቤት ይወጣል፣ ምን ልበላቸው?» አለችኝ። ይህን መጀመሪያ ላይ ብጽፈው ኖሮ ተገላገልኩ ብለህ የቀረውን አታነበውም ነበር። እንግዲህ በልጅህ የሚያፍር ሰው ፈልጌ ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው። ፈርም።

እህትህ ብዙወርቅ
አቃቂ ቃሊቲ፣ ነሐሴ 19 ቀን 2000 ዓ.ም.