አሥረኛው ተመዝጋቢ ለሬጅስትራሩ

ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲያችን ሬጅስትራር፣
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ወገብዎ፣ ዓይንዎ፣ በተለይም ፊርማ የሚያኖሩበት ቀኝ እጅዎ ደህና ይሆኑ ዘንድ ዘወትር እመኛለሁ፤ ያ እጅ በተማሪነት ዘመኔ ሁሉ ብዙ ሲደክም ስላላየሁት የከፋ ነገር ያገኘዋል ብዬ አልሰጋም። እኔም በቡንጎማ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ እያስተማርኩ፣ ሥጋዬ ደህና ነው።

ባለፈው ወር የላኩልኝ የግብዣ ደብዳቤ ደርሶኛል። «በጊዜ የመመረቅ ጥበብ» በሚል ርዕስ ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች ንግግር እንዳደርግ መጋበዜ፣ ይልቁንም «በአራት ዓመት፣ ሳያንስ ሳይበዛ፣ በአንደኛ ደረጃ ማዕረግ የተመረቀ አርአያ» ተብዬ መጠራቴ ለእኔ የማይገባኝ ክብር ነው። ይህን የምለው ለትሕትና እንዳይመስልዎ። ለማያውቁሽ ታጠኚ እንዲሉ፣ ጽሕፈት ቤትዎ እኔን ስለማያውቀኝ ነው እንጂ ቢያውቀኝ ኖሮ ግብዣው ባልደረሰኝ ነበር። መልሴን በጋዜጣ ማውጣቴንም እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ፤ በመስኮት ቁጥር ሦስት የገባ ወረቀት የት እንደሚደርስ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ።

ንግግሩን ለማዘጋጀት ቁጭ ስል፣ በጊዜ ስለ መመረቅ የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት በጊዜ ካልተመረቀች ሰው መሆኑ ታወሰኝ። ኢማኩሌት ናሊያካ ትባላለች። የኪሚሊሊ ገበሬ ልጅ፣ የግብርና መምህርነት ተማሪ ናት። ከመጀመሪያው ዓመት የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ጀምሮ አጠገቤ ትቀመጥ ነበር፤ እኔ ጠርሙስ ስሰብር እጇን አውጥታ «እኔ ነኝ» የምትል፣ እንዲህ ያለች ጓደኛ ነበረችኝ። ስለዚህ ለጽሕፈት ቤትዎ ያለኝን ምስጋና በእሷ በኩል፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ናሊያካ በሁለተኛ ዓመታችን እናቷ ስታርፍ አንድ ኮርስ አምልጧት ነበር። በሦስተኛው ዓመት ይህን ያመለጣትን ኮርስና የአፈር ኬሚስትሪ ሁለትን፣ ሁለቱንም ካልወሰደች የማትመረቅባቸውን፣ ማክሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ላይ አጋጥመው ስላስቀመጡላት ከልብ እናመሰግናለን። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ በሁለት ክፍል ይቀመጣል ብሎ የሚጠብቅ ተቋም በተማሪዎቹ ላይ ያለው እምነት ምን ያህል ከፍ ያለ እንደሆነ ተረድተናል።

፪. ግጭቱ እንዲታይላት ባመለከተች ጊዜ የትምህርት ክፍሉ ወደ ፋኩልቲው፣ ፋኩልቲው ወደ እርስዎ፣ እርስዎም መልሰው ወደ ትምህርት ክፍሉ እየመሯት አምስት ሳምንት ሙሉ በእግሯ እንድትመላለስ ስላደረጋችኋት፣ ለተማሪዎች ጤንነት የምታደርጉትን ጥንቃቄ አደንቃለሁ። በመጨረሻ የአፈር ኬሚስትሪውን «ለከርሞ ትወስጂዋለሽ፣ ምን ያስቸኩልሻል?» ያሏት ጸሐፊ፣ ለከርሞ ሥርዓተ ትምህርቱ እንደሚለወጥና ከእኛ በኋላ ለሚመጡት ተማሪዎች ያ ኮርስ ግዴታ መሆኑ እንደሚቀር ያልነገሯት ልቧ እንዳይሸበር አስበው እንደሆነ አልጠራጠርም። በዚህ ዓይነት ከግቢው ተማሪ ሁሉ የአፈር ኬሚስትሪ ሁለት የግድ የሚሆንባት እሷ ብቻ ቀረች።

፫. ከአሥር በታች ተመዝጋቢ ያለው ኮርስ አይከፈትም ለሚለው ደንብዎም ምስጋናዬ ይድረስዎ። ይህ ደንብ ባይኖር ናሊያካ በአራተኛው ዓመት መጀመሪያ ማንዳዚ የሚባለውን በዘይት የተጠበሰ ሊጥ በፌስታል ይዛ የማደሪያዎቹን በር አንድ በአንድ ባላንኳኳች፣ በምርጫ ኮርስነት እንዲወስዱላት የማታውቃቸውን ሰዎች ባልለመነች፣ እኛም አንድ ሰው ለመመረቅ ምን ያህል የሰው ፊት ማየት እንዳለበት ባልተማርን ነበር። ራሷን ጨምራ ዘጠኝ አገኘች። አሥረኛው እኔ ነበርኩ። አንድ ምርጫ ኮርስ ይጎድለኝ ስለነበር ጠቀመኝ እንጂ አልጎዳኝም፤ ማንዳዚውን በልቼ፣ ጣቴን በሱሪዬ ጠርጌ ፈረምኩላት።

፬. እዚህ ላይ የጽሕፈት ቤትዎን ቅልጥፍና ለብቻው ማንሳት ይገባኛል። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት በመስኮት ቁጥር ሦስት የተማሪ መታወቂያ ለማሳደስ ሦስት ሳምንት፣ የጠፋ ውጤት ለማስፈለግ አንድ መንፈቅ ይፈጃል፤ በዚያ መስኮት ዘንድ «ነገ ተመለስ» የሚለውን ቃል ያልሰማ ተማሪ የለም። ኮርስ መሰረዝ ግን አራት ደቂቃ ብቻ ይፈጃል። ከአራቱም ሁለቱ የማኅተሙን ቀለም ፍለጋ የጠፉ ናቸው። ይህን የማውቀው የሰረዝኩት እኔ ስለሆንኩ ነው።

የኮርሱ የመጀመሪያ ፈተና ከሠላሳ አሥራ አንድ ሰጥቶኝ ነበር፤ ማዕረጌን ሊያሳጣኝ ሆነ። የምዝገባ ማስተካከያው የመጨረሻ ቀን ዓርብ ነበር። የአሥር ሰውን ደንብ አውቅ ነበር። ሌላ ሰው ታገኛለች ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ሰው የሚገኝበት ቀን አለመቅረቱንም አውቅ ነበር። ቅጹን ሞላሁ፣ ጸሐፊዋ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ ማኅተሙን አሳረፉበት፣ ወጥቼም ሻይ ጠጣሁ። ሰኞ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ኮርሱ በተመዝጋቢ ማነስ መሰረዙ ተለጠፈ።

፭. ይህን አምስተኛ ምስጋና ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። የማንንም ፊት ስለማታስታውሱ አመሰግናለሁ። ናሊያካ ቁጥሩ ቢሮው ውስጥ የተሳሳተ መስሏት ከወር በላይ መስኮትዎ ላይ ቆማለች። «አሥር ነን፤ እኔ ራሴ ነኝ የቆጠርኳቸው» ትላለች፤ ጸሐፊዋም «እህቴ፣ ኮምፒውተሩ ዘጠኝ ነው የሚለው» ይሏታል። እኔ ከጎኗ ነበርኩ። ማኅተሙን የመቱልኝ እኚያው ሴትዮ ዓይን ለዓይን እያዩኝ አላወቁኝም። ይባስ ብዬ ከእሷ በላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ ስለ ቢሮው ብልሹነት ተናገርኩ፤ ተራ የያዙት ተማሪዎች አጨበጨቡልኝ። ገዳይም እኔ፣ አልቃሽም እኔ ነበርኩ። ክቡርነትዎ ስምዎ በከንቱ ሲነሳ ካደመጡ፣ በዚያ ወር የተባለው ሁሉ ያለ አግባብ አልነበረም፤ ከእኔ አፍ መውጣቱ ብቻ ነበር ነውሩ።

ተመረቅን፤ ማለት እኛ ተመረቅን። የመንደሯ ትምህርት ቤት እስከ ጥር ያቆየላት የመምህርነት ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጠ። በሳምንቱ አባቷ፣ በአገራችን አጠራር ምዜ (አባባ) ዋሲኬ፣ ቤታቸው ጠሩኝ። ለልጃቸው ምርቃት ብለው ዓመት ሙሉ ያደለቡትን አውራ ዶሮ አርደው ነበር። በእኛ አገር የዶሮው ጨጓራ የአባወራው ድርሻ ነው፤ ሌላ ሰው አይነካውም፤ አባወራው ለእንግዳ ከሰጠው ደግሞ ከዚያ በላይ ክብር የለም። ምዜ ዋሲኬ ከሳህናቸው አንስተው ከኡጋሊዬ፣ ከበቆሎ ገንፎው፣ አጠገብ አኖሩልኝ።

«የልጄ ተራ አልደረሰም፤ ያንተ ደርሷል» አሉኝ። «እዚያ ቢሮ ድረስ ሄደህ የተሟገትክላት አንተ ነህ ብላኛለች። ብላ ልጄ።»

በላሁት። ክቡር ሆይ፣ እምቢ ማለት ነውር ነው፤ መብላቱ ምን እንደሚባል ግን እስከ ዛሬ ቃል አላገኘሁለትም። ናሊያካ እጄን እያስታጠበችኝ ፈገግ አለችልኝ።

፮. አሁን ዋናው ላይ ደረስኩ። ለመመረቅ አርባ ስምንት ኮርስ ማጠናቀቅ ግዴታ እንደሆነ የተማሪዎች መመሪያ መጽሐፍዎ በገጽ ዘጠኝ ላይ በደማቅ ቀለም ይናገራል። የሰረዝኩት የአፈር ኬሚስትሪ ሁለት አርባ ስምንተኛዬ ነበር፤ በምትኩ ሌላ አልወሰድኩም፤ የመመዝገቢያው ጊዜ በዚያው ዓርብ ተዘግቶ ነበርና። የምርቃቱ ዝርዝር እስኪለጠፍ ድረስ ትይዙኛላችሁ ብዬ በፍርሃት አለቅሁ። አልያዛችሁኝም። አርባ ሰባት ኮርስ ይዤ፣ ጋዋን ለብሼ፣ ከእጅዎ ዲግሪ ተቀበልኩ፤ «በርታ» ብለውኝም ነበር። እሷም አርባ ሰባት፣ እኔም አርባ ሰባት፤ እሷ ወፍጮ ቤት፣ እኔ መምህራን ክፍል። ስለ በጊዜ መመረቅ ጥበብ የማውቀው ይኸው ነው፤ ለአዲሶቹ ተማሪዎች ይጠቅም እንደሆነ ክቡርነትዎ ይፍረዱ።

አምና ናሊያካ እንደገና ሞክራ ስድስት ሰው ብቻ አገኘች። ዘንድሮ እንደምትሞክር ሰምቼ ባለፈው እሑድ የምትሠራበት ወፍጮ ቤት ሄድኩና ሁሉንም ነገርኳት። በቆሎ በጣሳ እየሰፈረች ነበር፤ አላቋረጠችም። ቅንድቧ ድረስ ዱቄት ነበር።

«አሥር ነን እያልኩ ስጮህ አጠገቤ ቆመህ ነበር» አለችኝ።

«ነበርኩ» አልኳት።

የደንበኛዋን ከረጢት አፉን ቋጥራ ሰጠቻት። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። ትሰድበኛለች፣ ጣሳውን ትወረውርብኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ይህን ሁሉ ብታደርግ ቀለል ባለኝ ነበር።

«ዘንድሮ ዘጠኝ ነን» አለች በመጨረሻ። «ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ሂድና ለእነሱ ንገራቸው።»

ነገርኳችሁ። የነገርኳችሁም ለወሬ አይደለም። በሥርዓት ያልተመረቀ ሰው ተማሪ ነው፤ ይህም በዚያው መጽሐፍ ገጽ ዘጠኝ ላይ ተጽፏል። ስለሆነም በሰጡኝ ዲግሪ ላይ ስህተት መኖሩን በዚህ ደብዳቤ በአደባባይ አስታውቄ፣ ወረቀቱን ከነክፈፉ በጽሕፈት ቤትዎ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ የጎደለኝን አንድ ምርጫ ኮርስ በመጪው ሴሚስተር እንድወስድ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። የምመርጠው ኮርስ የአፈር ኬሚስትሪ ሁለት ነው። የምዝገባው የመጨረሻ ቀን የፊታችን ዓርብ ነው። ርዕሰ መምህሬም ይህን ደብዳቤ አንብበው፣ ዲግሪ የሌለው መምህር ማቆየት እንደማይችሉ፣ ቢያዝኑም፣ ነግረውኛል። ስለዚህ ጊዜ አለኝ፤ ማክሰኞ ጠዋትም ሆነ ዓርብ ከሰዓት፣ በመረጡት ሰዓት እገኛለሁ። ለምዜ ዋሲኬም ቅዳሜ ሄጄ እነግራቸዋለሁ። እባካችሁ ዶሮ አትረዱ ብያለሁ።

ለንግግሩ ስለጋበዙኝ ደግሜ አመሰግናለሁ። አዲሶቹ ተማሪዎች በእርስዎ አመራር ሥር ከእኛ የተሻለ ጊዜና ከእኔ የተሻለ ጓደኛ እንዲገጥማቸው እየተመኘሁ፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለማኅተምዎም የማይደርቅ ቀለም እለምናለሁ።

ከጥልቅ አክብሮት ጋር እጅ እነሳለሁ፣
የቀድሞው ምሩቅዎ፣ የአሁኑ ተማሪዎ፣
ክሪስፒነስ ሲቱማ

ማስታወሻ፦ የኮርስ መሰረዣው ቅጽ በዚህ ሳምንትም በመስኮት ቁጥር ሦስት ላይ ቁልል ብሎ አይቼዋለሁ፤ የድጋሚ መመዝገቢያው ቅጽ ግን አልቋል፣ በሁለት ሳምንት ይታተማል ተብያለሁ። ዓርብ ግን አምስት ቀን ነው የቀረው፤ ስለዚህ በእጄ ጽፌ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ከዚህ በኋላ ፈተናው ከብዶኝ፣ ፈርቼ፣ ያን ቅጽ ሞልቼ መስኮትዎ ላይ ብታዩኝ አንድ ውለታ እለምናችኋለሁ፤ ሌላውን ሰው ሁሉ እንደምታስተናግዱት አስተናግዱኝ። «ነገ ተመለስ» በሉኝ።