ትርንጎ በአፍንጫዋ የምትረጨው

ሰኔ ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.፣ ላሊበላ። ጭጋግ ሲወርድ ዋለ። ቤት ውስጥ እኔ፣ ልጄ ትርንጎ እና ታላቅ ወንድሜ መሪጌታ አያሌው ነበርን።

ትርንጎ ለማትሪኩ አእምሮ ይከፍታል ብላ በቴሌግራም ያስመጣችውን፣ ፔፕታይድ የሚሉትን መድኃኒት በአፍንጫዋ ትረጫለች። ከጀመረች ወዲህ እንቅልፍ የላትም፤ ራሷን ያማታል፤ እጇ ይንቀጠቀጣል። የጠርሙሱን ጽሑፍ በመዝገበ ቃላት እየፈለግሁ ፈታሁት። «ለምርምር ብቻ፤ ለሰው አይሰጥም» ይላል። ውሎ አድሮ በሰው ላይ ምን እንደሚያመጣ ሻጮቹም አያውቁም ማለት ነው።

«እማ፣ አይጥ ላይ ተሞክሮ ሠርቷል እኮ» አለች።

«አይጧ ማትሪክ አለፈች?» አሏት ወንድሜ። ከዚያ ሳቃቸውን ተዉና፣ «እኔም የቆሎ ተማሪ ሳለሁ ትምህርት እንዲገባኝ ብዬ አብሾ ጠጥቻለሁ። ድጓው ገባልኝ፤ እንቅልፌ ግን እንደወጣ ቀረ» አሏት።

«ያ የዱር ቅጠል ነው፣ ጋሼ። ይሄ ሳይንስ ነው።»



በማግስቱ ጠዋት ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ መድኃኒቱን ደፋሁት። ጠርሙሱን አጥቤ፣ አፍልቼ ያቀዘቀዝሁትን ውኃ ጨው ጣል አድርጌ ሞላሁበት። ስትመለስ በአፍንጫዋ ረጨችው። «አየሽ፣ ዛሬ ቀለል ብሎኛል» አለችኝ። እጇ ግን እስክሪብቶ መያዝ አቅቶት ነበር።