አጥብቆ የሚይዘውን ምረጪ

ልጄ ጃንዲራ፣ የናዝሬቷ እመቤታችን በሄድሽበት ሁሉ ትቅደምልሽ፤ የዚያን አገር ብርድም ታቅልልሽ። እኛ ደህና ነን። እዚህ በለም ከተማ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዱ ይመጣል። የአሳኢ ፍሬ ጭማቂ በጠጣን ቁጥር ስምሽ ይነሳል። አባትሽ ግን ጉልበቱን ያመዋል፤ ታከም ብለው እሺ አይለኝም።

ዘንዶ ልታሳድጊ መሆኑን ለጎረቤታችን ለዶና ኡኒሲ ነገርኳት። «ፖርቱጋል ድረስ ሄዳ እባብ?» ብላ ሳቀችብኝ። «ያንቺ ልጅ እዚሁ ቁጭ ብላ አይጥ ስታይ ወንበር ላይ ትወጣ የለ?» አልኳት።

ሻጩ «ይሄኛው ዝምተኛ ነው፣ ለጀማሪ ይሆናል» ያለሽን ዘንዶ ክንድሽ ላይ ሳታደርጊው እንዳትወስጂው። አባትሽ ለዱቄት መጋዘናችን አይጥ የሚይዝ ዘንዶ ሲመርጥ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው። እንደ እርጥብ ገመድ ዝልፍልፍ ካለበት በሽተኛ ነው ብሎ ይመልሰዋል። ምላሱን እያወጣ ክንዱን ጠበቅ አድርጎ የያዘውን ይዞ ይመጣል። መልኩ አያታልልሽ። ከበላ በኋላም አትነካኪው፤ አንቺ መቼም ማቀፍ ትወጃለሽ። ለመሆኑ አንቺስ በደንብ ትበያለሽ?

የሄድሽ ቀን አውሮፕላን ማረፊያ አላለቀስሽም። ክንዴን ግን ጨምቀሽ ይዘሽው ስለነበር ቤት ስገባ የጣቶችሽ ምልክት አልጠፋም ነበር። አባትሽ አየውና «በይ አታልቅሺ፤ ይቺ ጤነኛ ናት» አለኝ።

የመረጥሽው ክንድሽ ላይ ሲጠመጠም ፎቶ አንሺና ላኪልኝ፤ ለዶና ኡኒሲ አሳያታለሁ። ፊትሽም ይግባበት፣ ከስተሽ እንደሆነ ልየው። እመቤታችን አንቺንም አጥብቃ ትያዝሽ።

እናትሽ ኢራሲልዳ