ምንም ያልሰጠው ማሽን

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለእታለም፤ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም በሽተኛ ስታገላብጪ ይይዝሻል? እማዬስ ዓይኗ እንዴት ሆነ? እኔ በአካል ደህና ነኝ። ልቤ ግን ደህና አይደለም፤ አንቺን መዋሸት አልችልበትም።

ምን እንደምሠራ ሁሌ ትጠይቂኛለሽ። ሰው የሚፈልገውን ጽፎ ሲሰጠው ኮምፒውተሩ ፕሮግራሙን ራሱ ይሠራል፤ ከተባለው ፈቀቅ እንዳላለም እንደ ሒሳብ ያረጋግጣል። ችግሩ ትእዛዙን መጻፍ የሚችሉት አራት ምሁራን ብቻ መሆናቸው ነው። እኔ የተቀጠርኩት እንዳንቺ ያለች ነርስ በተራ አነጋገር እንድትጽፈው ቋንቋውን እንዳገራው ነው።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ አንዲት በዕድሜ የገፉ ነርስ መጥተው ለመድኃኒት መስጫ ማሽን «ከታዘዘው ልክ ፈጽሞ እንዳያልፍ» ብለው ጻፉ። ኮምፒውተሩ ሠራ፣ አረጋገጠ፣ አረንጓዴ መብራት በራ። ደረቴን ነፋሁ። ማሽኑ ሲሞከር ግን ጠብታ አልወጣውም። ምንም ካልሰጠ መቼም ልክ አያልፍማ! ነርሷ ሳቁና «ልጄ፣ ይሄ በሽተኛዬን ሳይሳሳት ገደለልኝ» አሉ። አለቃዬ አልሳቀም። ዓርብ ነርሷ እንደገና ሞክረው ካልሆነላቸው ክፍላችን ይዘጋል ብሏል።

መላው ሲጠፋኝ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ለተረኛዋ ሥራ ስታስረክቢ «በይ፣ ምን አልኩሽ?» ብለሽ ሳታስደግሚ ጋዋንሽን አታወልቂም ነበር። ኮምፒውተሩም እንዲሁ «በሽተኛው እያቃሰተ ምንም ባልሰጠውስ? እንዲህ ነው ያሉኝ?» ብሎ እንዲጠይቅ እየሞከርኩ ነው። ግማሹ እንኳ አላለቀም። ካልሆነልኝ በምን ፊቴ እመጣለሁ?

ትናንት ያንን ጥያቄ ስጽፍለት ልቤ ስንጥቅ አለ። አውቶቡስ ድረስ ስትሸኚኝ «ሥራህን ሳትጨርስ እንዳትመጣ» ብለሽኝ ነበር። ይኸው አምስት ዓመት አልመጣሁም። አባዬን ስትቀብሩትም አልመጣሁም። እኔም እንደ ማሽኑ ቃልሽን አልጣስኩም፣ እታለም።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ባለቤትሽን፣ ያን ሳቂታ፣ ሰላም በይልኝ። መንትዮቹን ጆሯቸውን ቆንጥጪልኝና አጎታችሁ ነው በያቸው፤ መልኬን አያውቁትም። መልስሽ ለዓርብ እንደማይደርስ አውቃለሁ። ብቻ አውቶቡስ ድረስ የሸኘሽኝ ቀን ምን ማለትሽ እንደነበር መልሰሽ ጻፊልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከሥራ ክፍሌ፣ ከመስኮቱ አጠገብ
ረቡዕ፣ ጥቅምት 13 ቀን