የመጀመሪያው ደርሶ ነበር

ሐሙስ፣ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሸዋ ሮቢት

ዛሬ የእትዬ ዘሀራን ልጅ ዕድል በገዛ እጄ አበላሸሁት። የነርስነት ትምህርት ማመልከቻዋን ሞልቼ "ላክ" የሚለውን ተጫንኩ። ብሮውዘሩ ጥያቄውን ለኮሌጁ ኮምፒውተር፣ ለሰርቨሩ፣ ላከ፤ መልስ ግን የለም። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ምዝገባው ሊዘጋ ነው፣ ሙቀቱ ኢንተርኔት ቤቴን እቶን አድርጎታል። አጠገቤ የተቀመጡት እትዬ፣ "እናቴ፣ ሰው ደጅ ሦስቴ አሰላሙ ዓለይኩም ብለሽ ካልመለሱልሽ ተመለሺ" አሉኝ። እኔ ሰባቴ ተጫንኩ።

በመጨረሻ መልሱ መጣ፦ "ከአንድ ጊዜ በላይ ስላመለከቱ ተሰርዘዋል።" ለካ የመጀመሪያው ጥያቄ ደርሶ ኖሯል! መንገድ ላይ የቀረው መልሱ ብቻ ነው።

እንዴት ብዬ ልንገራቸው? እትዬ ማንበብ አይችሉም። ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ሲመጣ አይተው፣ "አልሐምዱሊላህ፣ መለሱልን!" ብለው መርቀውኝ ሄዱ።