በቆርቆሮው ሥር የተፋቀው ቀን

ሰኞ፣ ኅዳር 1፣ ጠዋት
ለሱቄ ዳቦ ተረከብኩ። መደርደሪያ እየወለወልኩ ሳለ ጎረቤቴ ቤቲ ከሕንፃችን ሦስተኛ ፎቅ ወረደች፣ ልጇን ታቅፋ። ቅዳሜ ከእኔ የገዛችውን የሕፃን ወተት ቆርቆሮ ባንኮኒው ላይ ገለበጠችው። ትንሹን ሲያስመልሰው አድሯል። አሁን ደህና ነው። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ሥሩን እዪው አለችኝ። የማብቂያው ቀን ተፍቆ በላዩ አዲስ ታትሞበታል። የድሮው ከሥር ይነበባል። የቀሩኝን ቆርቆሮዎች ገለበጥኳቸው። ሁሉም እንደዚያው። ማስታወሻዬ፣ በእጄ ነው የሸጥኩላት። አምናኝ።

ያው ቀን፣ ከሰዓት
አከፋፋዩ ሙሉጌታ ጋ ደወልኩ። ሳቀ። መልሺልኝና እቀይርልሻለሁ አለ። የመለስኩትን ምን ታደርገዋለህ? አልኩት። ጎፋም ደንበኛ አለኝ አለ። ገባኝ። ጎፋ ወስዶ ለሌላ ሱቅ ሊሰጠው ነው። አልመልስም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3
ባለፈው ወር ከወረዳው ንግድ ጽ/ቤት የመጡ ልጆች ስለ ሸማች መብት ሲያስተምሩን በስልክ አቤቱታ እንዴት እንደሚላክ አሳይተው ነበር። ያኔ በግማሽ ጆሮ ነው የሰማሁት። ዛሬ ከቤቲ ጋር ቁጭ ብለን ቅጹን ሞላነው። ፎቶ፣ ደረሰኝ። ዕቃው ከየት ተገዛ የሚለው ላይ ሲደርስ ቤቲ እጇ ቆመ። የእኔን ሱቅ ስም መጻፍ ከበዳት። ጻፊው አልኳት። እኔም በስልኬ የሙሉጌታን ጻፍኩ። ስልኩ ተልኳል አለ። አልፈራሁም። እሺ፣ ትንሽ ፈርቻለሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 5
ተቆጣጣሪዎች መጡ። ሁለት ሴቶች፣ ታብሌት ይዘው። አቤቱታችን ከነፎቶው እዚያ ላይ አለ። ቆርቆሮዎቹን ወሰዱ፣ ማጣራቱ እስኪያልቅ ሱቄንም አሸጉት። ዕቃው የተገኘው እኔ ጋ ነዋ። ያናድዳል፣ ግን ልክ ናቸው።
የጎን ሱቅ ባለቤት ጋሽ ታደለ በሰው ፊት ተቆጡኝ። በገዛ እጅሽ መንግሥት ጠራሽብን አሉ። ዕድሜያቸውን አክብሬ ቁልፌን ይዤ ሄድኩ። ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ንዴት ነው እንጂ ጸጸት አይደለም።

ሰኞ፣ ኅዳር 8
ሙሉጌታ ደወለ። አቤቱታሽን ካነሳሽ ስኳርና ዘይት ሲጠፋ ቅድሚያ ለአንቺ። ካላነሳሽ ላፍቶ ውስጥ ዕቃ የሚሰጥሽ አታገኚም አለ። የታሸገው ሱቄ በር ፊት ቆሜ ነበር።
«ሙሌ፣ አላነሳም። ላልሰማውም እነግራለሁ» አልኩና ዘጋሁት።
ወረቀት ላይ በትልልቁ ጻፍኩ፦ ከታች ካለው ሱቄ የሕፃን ወተት የገዛችሁ ሥሩን እዩ፣ ከተፋቀ አታጠጡ። ቤቲ አባዝታ በየደረጃው ለጠፈችው። ከዚያ በየበሩ አንኳኳን። አንዷ ሰድባኝ በሩን ዘጋችብኝ። ይገባኛል፣ ከእኔ ነው የገዛችው። ሌላዋ ቆርቆሮውን ይዛ ወጣች። እንዴት እንደሚላክ አሳየናት፣ እሷ ደግሞ ለእህቷ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10፣ አመሻሽ
ጋሽ ታደለ ቤቴ መጡ፣ ፌስታል ይዘው። ያው ቆርቆሮ። እሳቸውም የሚያመጡት ከሙሉጌታ ነው ለካ። ከሱቃቸው እያነሱ ለልጅ ልጃቸው ሲወስዱ ነበር። ቁጭ ይበሉ ብል አልተቀመጡም።
«በአንቺ ስም ላኪልኝ። እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ስሜ አይነሳ።»
«ጋሼ፣ እኔስ ምንድነኝ? በስምዎ ከሆነ አሁኑኑ አሳይዎታለሁ።»
ወደ በሩ ዞሩ። ሊወጡ መስሎኝ ነበር። መነጽራቸውን አወጡና ተቀመጡ። ፊደሎቹን በአንድ ጣት እየፈለጉ ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፉ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12
ከጽ/ቤቱ ተደወለ። የሙሉጌታ መጋዘን ታሽጓል፣ ጎፋም ያከፋፈለው እየተሰበሰበ ነው። የእኔ ሱቅ መቼ እንደሚከፈት ግን አልነገሩኝም። ሌላ አከፋፋይ ደውዬ ነበር፣ ስሜን ሲሰማ ዘጋው። ይዝጋው። ሱቄ ሲከፈት ከዳቦውም ከስኳሩም በፊት የአቤቱታ መላኪያውን አድራሻ ባንኮኒው ላይ እለጥፋለሁ፣ ደንበኛ ሳይጠይቅ በሚያየው ቦታ። ያጠፋሁ ቀን ደንበኞቼ በእኔም ላይ ይላኩበት።